ከሊማሊሞ በቅሎ እስከ ሳንቃበር ጭላዳ

ከትግራይ ወደ ጎንደር የሚመጣ መንገደኛ ተከዜን ተሻግሮ፣ የማይ ጸብሪን ቆላ አቋርጦ አዲ አርቃይ ይደርሳል። ከዚያ ዛሪማን ያልፍና ሊማሊሞ ፊቱ ይቆማል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ የመኪና መንገድ እስኪያወጣ ድረስ ይህን ዳገት የሚረታው በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ አህያና በቅሎ ብቻ ነበር። አሞሌ የጫነው ሲራራ ነጋዴ፣ ለግዛቱ የሚጋልበው መኳንንት፣ ከአክሱም ወደ ጎንደር የሚሻገረው የቤተ ክህነት ሰው፣ ሁሉም እዚህ ሲደርስ ዓይኑ በከብቱ ሰኮና ላይ ይተከል ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1769 ምጽዋ ወርዶ በአድዋና በአክሱም በኩል ተከዜን ከተሻገረ በኋላ ሊማሊሞን ወጥቶ ነው በየካቲት 1770 ጎንደር የገባው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ መንገድ ላይ ከፈረስ ይልቅ በቅሎ ትከበራለች። ፈረስ ለጦር ሜዳና ለጉግስ ነው። ለገደል አፋፍ፣ ለረጅም ጉዞ፣ ለሙሽራ፣ ለጳጳስ ግን ሰጋር በቅሎ ትመረጣለች። አርቢውም ስለ እርሷ የሚያውቀው ብዙ ነበር። ባዝራ ከወንድ አህያ ስትጠቃ በቅሎ እንደምትወልድ፣ በቅሎዋ ከእናቷ ቁመትን፣ ከአባቷ ደግሞ ጽናትን እንደምትወስድ ያውቃል። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ የሚለው ተረትም የዘር ሐረጉን በትክክል ይዟል። ከሁሉ በላይ ግን አርቢው በቅሎ እንደማትወልድ ያውቃል። ላም ጥጃ፣ ባዝራ ውርንጭላ ታተርፋለች፤ በቅሎ ግን አትተካም። ስለዚህ እያንዳንዷ በቅሎ እንደገና ከባዝራና ከአህያ መገኘት አለባት። ይህ በብዙ ትውልድ የተፈተነ ዕውቀት ነው። የቀረው «ለምን?» የሚለው ነበር፤ መልሱም በዓይን ከማይታይ ቦታ ነው የመጣው።

ብሩስ ካለፈ ከስድሳ ዓመት በኋላ የፍራንክፈርቱ ተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 የሰሜን ተራሮችን ወጣ። ከዚያ የሰበሰባቸውን አራዊት በ1835 ለሳይንሱ ዓለም ሲገልጽ ዋልያና ጭላዳ አብረው ነበሩ። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ያለው፣ ሲነጋ ከገደል ወጥቶ ሲመሽ ወደ ገደል የሚወርደው ሣር ጋጭ ዝንጀሮ፣ አገሬው በሚጠራበት ስም ላይ ተመሥርቶ በላቲኑ መዝገብ ገባ። በ1863 ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ከሰሜኖቹ የሚለይ ነው ያለውን፣ ጠቆር ያለውን ጭላዳ የተለየ ስም ሰጠው። ሆይግሊን የተመለከተው የፀጉር ቀለም ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ማየት የሚችለው ይህንኑ ነበርና አይፈረድበትም። ሁለቱን ወገኖች የሚለየው ዋናው ነገር ግን ከፀጉሩ ሥር ጠልቆ፣ ህዋስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አውሮፓ ውስጥ የአጉሊ መነጽርና የማቅለሚያ ኬሚካል ጥበብ እየጠራ መጣ። ቫልተር ፍሌሚንግ በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ህዋስ ለሁለት ሲከፈል በውስጡ ያሉ ክር መሰል ነገሮች በቁመታቸው ተሰንጥቀው ለሁለቱም ልጅ ህዋሳት እኩል እንደሚደርሱ አሳየ። በ1888 ቫልዳየር ለእነዚህ ክሮች «ክሮሞሶም» የሚል ስም አወጣላቸው። ወዲያው ግን አንድ እንቆቅልሽ መጣ። ልጅ የሚፀነሰው ከአባት ህዋስና ከእናት ህዋስ ከሆነ፣ የሁለቱም ክሮሞሶም ሲደመር በየትውልዱ እጥፍ መሆን ነበረበት። አይሆንም። እንዴት?

ፍንጩ የተገኘው ከፈረስ ሆድ ነው። ቤልጂየማዊው ኤድዋርድ ቫን ቤኔደን በ1883 የፈረስን የአንጀት ወስፋት አጠና። ይህ ትል ለተመራማሪ የተመቸ ነው፤ ክሮሞሶሙ ትልቅ፣ ቁጥሩም በጣም ጥቂት ነው። ቫን ቤኔደን የተፀነሰውን እንቁላል ሲመለከት ሁለት ክሮሞሶም ከአባት፣ ሁለት ከእናት መጥተው አራት ሲሆኑ አየ። እንቁላሉ ተከፍሎ የሚገኙት የመጀመሪያዎቹ ህዋሳትም አራት አላቸው። ስለዚህ የወንዱ ዘርና የሴቷ እንቁላል ግማሽ ብቻ ይዘው ነው የሚገናኙት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ዓይኑ በመታመሙ አጉሊ መነጽሩን ለመተው ተገዶ ወደ ሐሳብ ሥራ የዞረው አውጉስት ቫይስማን ነገሩን እስከ ዳር አሰበው። የዘር ህዋስ በሚዘጋጅበት ጊዜ ቁጥሩን በግማሽ የሚቀንስ ልዩ ክፍፍል መኖር አለበት አለ። በዓይኑ ሳያይ በምክንያት ብቻ ነው የተነበየው። እኔ በሕይወት ሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከማደንቃቸው ግምቶች ይህ ግንባር ቀደሙ ነው።

ትንቢቱ እስኪረጋገጥ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። ሃንስ ፎን ቪኒቫርተር በ1900 የጥንቸልን እንቁላል ህዋሳት እየተከታተለ የክፍፍሉን የመጀመሪያ ምዕራፍ በየደረጃው ከፋፍሎ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ከምንሸመድዳቸው ስሞች አብዛኞቹን አወጣ። የካንሳስ ገበሬ ልጅ የሆነው ዋልተር ሰተን በ1902 የፌንጣን ህዋስ ሲመለከት ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ መሆናቸውን፣ ከጥንዶቹም አንዱ የአባት ሌላው የእናት መሆኑን አስተዋለ። ልክ ከሁለት ዓመት በፊት እንደገና የተገኘው የሜንደል የውርስ ሕግም በዚሁ ጥንድ ላይ እንደሚቆም ጻፈ። በ1905 ፋርመርና ሙር ለክፍፍሉ ሁሉ አሁን «ሚዮሲስ» የምንለውን ስም ሰጡት። በ1909 ደግሞ የሉቨኑ ቄስና ሊቅ ፍራንስ አልፎንስ ያንሰንስ ጥንዶቹ በየቦታው ተጠላልፈው ሲያይ፣ በመጠላለፊያው ላይ ቁራጭ ይለዋወጣሉ አለ። ብዙዎች ተጠራጠሩት።

እነዚህ ሰዎች በየፊናቸው ያዩትን አንድ ላይ ስናደርገው ሂደቱ እንዲህ ነው። የዘር ህዋስ ወደ ሚዮሲስ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ክሮሞሶም አንድ ቅጂ ያዘጋጅና ሁለቱ ቅጂዎች መሃል ላይ ሴንትሮሜር በሚባለው ቦታ ተያይዘው ይቆያሉ። ከዚያ ፕሮፌዝ አንድ ይጀምራል፤ ረጅሙም ወሳኙም ደረጃ ይህ ነው። በሌፕቶቲን ክሮሞሶሞቹ ቀጫጭን ክሮች ሆነው ይታያሉ። በዛይጎቲን ከእናት የመጣው ክሮሞሶም ከአባት የመጣውን አቻውን ፈልጎ እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ይሰለፋል። መፈላለጉ ከላይ ከላይ አይደለም፤ የዲኤንኤው ሰንሰለት ፊደል ከፊደል እየተመሳከረ ነው የሚጣመሩት። በፓኪቲን መጣመሩ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ የእናትና የአባት ክር እየተቆረጠ በመስቀለኛ ይቀጠላል። በዲፕሎቲን ጥንዶቹ መለያየት ይጀምራሉ፤ ያንሰንስ ያያቸው መጠላለፊያዎች ግን አጥብቀው ይይዟቸዋል። በዳያኪኔሲስ አጥረውና ወፍረው ለጉዞ ይዘጋጃሉ።

ሜታፌዝ አንድ ላይ ጥንዶቹ በህዋሱ ወገብ ይሰለፋሉ። የትኛው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ዕጣ ነው። አንዱ ጥንድ የእናቱን ወደ ሰሜን፣ የአባቱን ወደ ደቡብ ቢያደርግ ሌላው ጥንድ በዚያ አይገደድም። በአናፌዝ አንድ ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ከነቅጂው ወደ አንድ ጫፍ ይጎተታል። ቫይስማን የተነበየው ቅነሳ የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ከቴሎፌዝ አንድ በኋላ ሁለተኛው ክፍፍል ይከተላል፤ ይህ እንደተለመደው የሰውነት ህዋስ ክፍፍል ነው፤ ሴንትሮሜሩ ይላቀቅና ቅጂ ከቅጂ ይለያል። ከአንድ ህዋስ አራት፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ቁጥር የያዙ ይገኛሉ። በወንድ አራቱም ዘር ይሆናሉ። በሴት ግን አንዷ ብቻ ስንቁን ሁሉ ይዛ እንቁላል ትሆናለች፤ የቀሩት ጥቃቅን ሆነው ይጠፋሉ።

በሴቶች ዘንድ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የሴት ልጅ እንቁላል ህዋሳት ሚዮሲስን የሚጀምሩት ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ነው። ዲፕሎቲን ላይ ደርሰው ይቆማሉ። እንቁላሏ ለመውጣት እስክትዘጋጅ ድረስ፣ ለዓመታት፣ በሰው ልጅ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ተጣምረው ይጠብቃሉ። የእናት ዕድሜ በገፋ ቁጥር ክሮሞሶም በስህተት የመለያየቱ ዕድል የሚጨምረው አንድም ስለዚህ ነው። ጄሮም ለጀንና ባልደረቦቹ በ1959 ያገኙት፣ 21ኛው ክሮሞሶም በሦስት የሚገኝበት የዳውን ሲንድሮምም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከእናት በኩል በሚፈጠር እንዲህ ያለ የመለያየት ስህተት ነው።

አሁን ወደ በቅሎዋ እንመለስ። በ1916 አሜሪካዊው ቮድሴዳሌክ የወንድ በቅሎን የዘር ፍሬ ቆርጦ በአጉሊ መነጽር መረመረ። ህዋሳቱ ሚዮሲስን ይጀምራሉ፤ መጣመሪያው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ግን ይበላሻሉ፤ ዘር እስከ መሆን የሚደርሱት ከስንት አንድ ናቸው። ቮድሴዳሌክ የችግሩን ቦታ በትክክል አገኘው፤ የክሮሞሶሙን ቁጥር ግን ተሳሳተ። በእርሱ አይፈረድም፤ በዚያ ዘመን የአጥቢ እንስሳ ክሮሞሶም መቁጠር የተቆላለፈ የክር ክምር መቁጠር ነበር። የሰው ልጅ ራሱ ከ1923 ጀምሮ 48 አለው እየተባለ ሲማር ኖሮ 46 መሆኑ የተረጋገጠው በ1956 ነው፤ ጆ ሂን ትዪዮና አልበርት ሌቫን ስዊድን ውስጥ በቆጠሩት ጊዜ። ከመካከሉ፣ በ1931፣ ሃሪየት ክሬይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ባደረጉት ጥናት ክሮሞሶሞች በእርግጥ ቁራጭ እንደሚለዋወጡ አሳዩ፤ ቄሱ ያንሰንስ ትክክል ነበር።

በ1962 የፈረስ፣ የአህያና የበቅሎ ክሮሞሶም በትክክል ተቆጠረ። ፈረስ 64፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63። ባዝራዋ በእንቁላሏ 32 ትሰጣለች፤ አህያው 31 ይሰጣል። ድምሩ ጎዶሎ ነው። ለበቅሎዋ ሰውነት ይህ አያስቸግራትም፤ በተራ የህዋስ ክፍፍል እያንዳንዱ ክሮሞሶም ራሱን ብቻ ስለሚቀዳ አቻ አያስፈልገውም። ስለዚህ ታድጋለች፣ ትበረታለች፣ ሊማሊሞን ትወጣለች። አቻ የሚያስፈልገው ለሚዮሲስ ብቻ ነው። በ1974 አን ቻንድሌይና ባልደረቦቿ የወንድ በቅሎን ሚዮሲስ በአዲስ ዘዴ ሲመረምሩ ክሮሞሶሞቹ መጣመር አቅቷቸው አብዛኞቹ ህዋሳት እዚያው ሲቆሙ አዩ።

ብዙ ሰው «63 ጎዶሎ ስለሆነ ነው» ብሎ እዚህ ያቆማል። ይህ ግማሽ እውነት ነው፣ ለሚቀጥለው ታሪክም ሙሉውን ማወቅ ያስፈልገናል። የሞንጎሊያው የፕረዥቫልስኪ ፈረስ 66 ክሮሞሶም አለው። ከቤት ፈረስ ጋር ቢዳቀል ልጁ 65 ይይዛል፤ ጎዶሎ ነው፤ ግን ይወልዳል። ምክንያቱም በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ የአንዱ ረጅም ክሮሞሶም በሌላው ዘንድ ሁለት አጫጭር ሆኖ ይገኛል። በሚዮሲስ ጊዜ ረጅሙ መሃል ላይ ይቆማል፣ ሁለቱ አጫጭሮች በግራና በቀኙ ይሰለፋሉ፣ ሦስትዮሽ ጥምረት ይፈጠራል። በፈረስና በአህያ መካከል ግን ክሮሞሶሞቹ በብዙ ቦታ ተቆራርጠው፣ ተገልብጠው፣ ተሸጋሽገዋል። በቅሎዋን መካን ያደረጋት ከቁጥሩ ይልቅ ይህ የቅርጽ መራራቅ ነው። እጅግ አልፎ አልፎ የምትወልድ በቅሎም ተገኝታለች፤ በ1980ዎቹ በአሜሪካዋ ነብራስካ የወለደችው በቅሎ በክሮሞሶም ምርመራ ተረጋግጣለች።

በዚህ መሃል የሰሜን ተራሮች ራሳቸው ወደ ሳይንሱ መድረክ ወጡ። በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ። በ1971 ሮቢንና ፓትሲ ደንባር ሳንቃበር ላይ ድንኳን ተክለው የጭላዳን ማኅበራዊ ኑሮ ማጥናት ጀመሩ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የሰሜን ተራሮች ከላሊበላ ጋር ገቡ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ተጽፈው በ2017 ተሰረዙ። በ2006 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎቹ ጃሲንታ ቢነርና ቶር በርግማን እዚያው ሳንቃበር አካባቢ የረጅም ጊዜ የጭላዳ ጥናት ጀመሩ። እያንዳንዱን ዝንጀሮ በመልኩ ለይተው፣ ማን ከማን እንደተወለደ እየመዘገቡ፣ ዓይነ ምድሩን ለሆርሞን ምርመራ እየሰበሰቡ ዓመታትን ቆጠሩ። ይህን ሥራ ከአገሬው ልጆች ውጭ ማሰብ አይቻልም፤ ገደሉን፣ ጉሙንና መንጋውን በደንብ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በ2021 በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት አዲ አርቃይ ሲደርስ ያ አካባቢ ሁሉ ታመሰ፣ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ።

ቀጥሎ በ2022 ኔቸር ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን በተባለው መጽሔት ላይ ኬኔት ቺዩ፣ ኖኅ ስናይደር ማክለርና ብዙ ባልደረቦቻቸው የጭላዳን ሙሉ የዘር ቅንብር አወጡ። ዋና ጥያቄያቸው ጭላዳ አየር በሳሳበት ከፍታ እንዴት ይኖራል የሚል ነበር። ለዚህም ጭላዳዎችን በማደንዘዣ ቀስት አስተኝተው ደማቸውን ወሰዱ፣ ደረታቸውን ለኩ፤ ከቆላ ዝንጀሮ ይልቅ ደረታቸው ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ያልጠበቁት ነገር የመጣው ክሮሞሶሞቹን ሲገጣጥሙ ነው። ጭላዳ የሚመደብበት ወገን፣ ሌሎቹን ዝንጀሮዎችና ማካክ የተባሉትን የእስያ ጦጣዎች ጨምሮ፣ 42 ክሮሞሶም በመያዙ የታወቀ ነው። የመሃል ኢትዮጵያ ጭላዳዎችም 42 አላቸው። የሰሜን ተራሮቹ ግን 44 ሆኑ። ሰባተኛው ክሮሞሶም በሴንትሮሜሩ ላይ ለሁለት ተሰብሯል። የጠፋ ነገር የለም፣ የተጨመረም የለም፤ አንድ የነበረው ሁለት ሆኗል።

አንድ ቀን፣ በሩቅ ዘመን፣ በአንድ ጭላዳ የዘር ህዋስ ውስጥ ያ ክሮሞሶም ተሰብሮ ነበር። የተወለደው ልጅ 43 ይዞ ነበር፤ ከአንዱ ወላጅ ረጅሙን ሰባተኛ፣ ከሌላው ሁለቱን ስባሪዎች። ይህ ጭላዳ ሲጎለምስና የዘር ህዋሱ ወደ ሚዮሲስ ሲገባ፣ በዛይጎቲን ረጅሙ ከሁለቱ አጫጭር ጋር ሦስትዮሽ ጥምረት ይፈጥራል፣ እንደ ፕረዥቫልስኪው ድቅል። በአናፌዝ አንድ ረጅሙ ወደ አንድ ጫፍ፣ ሁለቱ አጫጭሮች አብረው ወደ ሌላው ከተጎተቱ ዘሩ ምሉዕ ነው። ከአጫጭሮቹ አንዱ ከረጅሙ ጋር ወደ አንድ ወገን ከሄደ ግን አንዱ ዘር ትርፍ፣ ሌላው ጎዶሎ ይሆናል፤ ከዚያ የሚፀነሰው ጽንስ አብዛኛውን ጊዜ አይቆይም። ስለዚህ 43 የያዘ ጭላዳ ከመንጋው እኩል ላይወልድ ይችላል።

እንዲህ ያለ ስብራት በሰፊ ሕዝብ መካከል ቶሎ ይጠፋል። በገደልና በቆላ ተከብቦ፣ ቁጥሩ አንሶ በሚኖር መንጋ ግን በዕጣ ብቻ ሊስፋፋ ይችላል። ሁለት የ43 ባለቤቶች ተገናኝተው 44 የያዘ ልጅ ሲወልዱ፣ በዚያ ልጅ ሚዮሲስ ውስጥ ሦስትዮሽ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ስባሪው ከስባሪው አቻ ጋር በሰላም ይጣመራል። 44ቱ ከ44 ጋር፣ 42ቱ ከ42 ጋር ሲዋለድ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ግንብ ቀስ በቀስ አንዱን ዝርያ ሁለት ሊያደርግ ይችላል፤ የአጥኚዎቹም ግምት ወደዚህ ያዘነብላል። ከሊማሊሞ በላይ ባለው ሣር ላይ የሚግጠው መንጋ በሚዮሲሱ በመሃል ኢትዮጵያ፣ በመንዝ ካለው ዘመዱ መለየት ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

ለሰው ልጅም የሚደርስ ነገር አለ። በማካክና በቆላ ዝንጀሮ ሰባተኛ የሚባለው ያ አንድ ክሮሞሶም በእኛ ዘንድ ተከፍሎ 14ኛና 15ኛ ተብሎ የሚታወቀው ነው። በእኛ የዘር ሐረግ መከፈሉ የተፈጸመው ከሰው በፊት፣ ጎሪላና ቺምፓንዚን በሚያካትተው የጋራ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ጭላዳ በሰሜን ተራሮች ላይ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ መንገድ ያንኑ ክሮሞሶም ሰበረ።

ሆይግሊን በ1863 በፀጉር ቀለም የለያቸው ሁለት ወገኖች በክሮሞሶምም ተለያይተው መገኘታቸው ለጥበቃው ሥራ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። እስካሁን የሰሜኑ ጭላዳ ቢመናመን ከመንዝ ጓሳ አምጥቶ መተካት ይቻላል ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። አሁን ግን እንዲህ ያለው ድብልቅ 43 የያዙና የመውለድ አቅማቸው ሊቀንስ የሚችል ልጆችን ያመጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ የአራዊት ማቆያ ቦታዎችም ጭላዳን ከጭላዳ ከማገናኘታቸው በፊት የደሙን ክሮሞሶም መቁጠር ይገባቸዋል። የሰሜኑን መንጋ ማትረፍ የሚቻለው እዚያው በቦታው፣ ግጦሹንና ገደሉን ከደባርቅ፣ ከአዲ አርቃይና ከጃናሞራ ገበሬዎች ጋር ተስማምቶ በመጠበቅ ነው።